ባለ መስኮቱ ዳቦ

ከቤታችን ጓሮ አንዲት የቁርቁራ ዛፍ አለች። ከሥሯ ሦስት ድንጋይ ተጎልቷል፤ ከድንጋዮቹ ላይ ሁለት ጎድጓዳ የትራክተር ማረሻ ዲስክ አንዱ በአንዱ ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል። አዲስ ሰው ሲያየው ከእርሻ የተረፈ ቁርጥራጭ ብረት ይመስለዋል። የኔ የዳቦ መጋገሪያ ነው። ጧት ጧት፣ ፀሐይ ብረቱን ሳታግለው፣ በርጩማዬን ስቤ ከጎኑ ስቀመጥ ያለፈው ዕድሜዬ ሁሉ እንደ ጭጋግ መጥቶ ይከበኛል። የመተማ ጧት አጭር ነው። ሁለት ሰዓት ካለፈ አየሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ የጎረቤቱ ጣራ፣ የታሰረው አህያ፣ የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። እኔ የምኖረው በዚያች አጭር ጧት ነው ብል አልዋሸሁም።

ዳቦ መጋገር የጀመርኩት ወድጄ አይደለም። ጢሜ ገና ሳይበቅል፣ ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ከሚወርደው ሰው ጋር ወርጄ በአብርሃ ጅራ በኩል ከአንድ እርሻ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ማጭድ እግሬን ቆረጠኝ። የሠራተኛው አለቃ ቁስሌን አየና፣

«መቆም አትችልም፣ መቀመጥ ግን ትችላለህ። ዳቦ የምትጋግርልን ሴትዮ ታማ ወደ ሳንጃ ከተማ ሄዳለች። እስክትድን አንተ ጋግር» አለኝ።

«ጋግሬ አላውቅም።»

«እናት የለህም? ስትጋግር አላየሃትም?»

አይቻታለሁ። እናቴ ማታ አቡክታ፣ ሊጡን ጋቢ አልብሳ ታሳድርና ጧት ትጋግር ነበር። እኔም እንደ እናቴ ማታ አቦካሁ፣ አለበስኩና ተኛሁ። ጧት ስነሳ ሊጡ ከገበታው ወጥቶ መሬት ለመሬት ሄዷል። ሽታው ጠላ ነው። ምን ላድርግ? አርባ ሰው ቁርስ ይጠብቃል። አፈሩን ገፍፌ ጋገርኩት።

አንድ ጎጃሜ አንድ ጉራሽ አኘከና ዓይኑን ጨፈነ። «ወንድሜ» አለኝ፣ «ይህን በልተን ሰሊጥ ልናጭድ ነው ወይስ እስክስታ ልንወርድ?»

ያን ቀን ሙሉ በማሳው ውስጥ አንዱ ሌላውን ሲያይ ትከሻውን እየሰበቀ ሲስቅ ዋለ። ከደጋ የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ስህተት ይሳሳታል። እግሩ ቆላ ይወርዳል፣ ሰዓቱን ግን ከደጋ ይዞት ይመጣል። ደጋ ላይ ሊጥ የሚያድረውን፣ እዚህ ሙቀቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። እኔ ይህን ያወቅሁት በአርባ ሰው ሳቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ጎህ ሲቀድ አቡክቼ ፀሐይ ሳትከር መጋገር ጀመርኩ።

ዲስኮቹን የሰጠኝ የእርሻው መካኒክ ነው። አፋቸው የተበላ፣ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ የተጣሉ ነበሩ። የእያንዳንዳቸው መሐል አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው፤ ብረት ዘንግ የሚያልፍበት። የታችኛውን ቀዳዳ መካኒኩ በብሎን ደፈነልኝ። የላይኛውን ሊደፍን ሲል ብሎን አጣ። እንዲያው ክፍቱን ቀረ። ከላይ ፍም፣ ከታች ፍም አድርጌ ስጋግር እንፋሎቱ በዚያች ቀዳዳ ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ የውሃ ሽታ ይሸታል። ቆይቶ የእርሾ። ኋላ ደግሞ እንደ ተቆላ እህል ያለ ሽታ ይመጣል፤ ያኔ በስሏል ማለት ነው። ሰዓት አላስፈለገኝም። አፍንጫዬን ወደ ቀዳዳዋ ጠጋ አድርጌ እጠብቃለሁ። የኔ ትምህርት ቤት እሱ ነው።

ሊጡ ኩፍ ሲል ወደ ቀዳዳዋ ይገፋና ከዳቦው አናት ላይ አራት ማዕዘን የሆነች፣ ፈዘዝ ያለች ትንሽ ጉብታ ትቀራለች። ሠራተኞቹ «መስኮት» አሏት። ዳቦውንም «ባለ መስኮቱ» አሉት። ከሁሉ የምትለሰልሰው እሷ ነበረችና ማን ይብላት በሚል ዕጣ ይጣጣሉ ነበር። እግሬ ሲድን አለቃው «ማጭድህን አንሳ» ሲል ሰዎቹ «እሱን ከምድጃው ከነቀልክ እኛም አናጭድም» አሉት። እንዲህ ሆኖ ስንት መኸር አለፈ። በኋላም እርሻው ሲቀር፣ እኔ መተማ ቤት ሠርቼ ስቀመጥ፣ ሁለቱን ዲስክ በጭነት መኪና አናት ላይ አስጭኜ ይዣቸው መጣሁ።

ባለቤቴን ያገባኋት ዲስኮቹን ይዤ በመጣሁበት ዓመት ነው። እሷም የደጋ ልጅ ናት። ሰርጉ ሳይደርቅ የውሃ መቅጃ ጓደኞቿ፣ «ባልሽ ምጣድ ይጥዳል አሉ፣ አንቺ ደግሞ ሞፈር ትጠርቢያለሽ?» እያሉ ሳቁባት። ያ ነገር ከልቧ ገባ። አንድ ቀን ቁጭ ብላ፣

«አንቱ» አለችኝ፣ ያን ጊዜም አሁንም አንቱ ነው የምትለኝ፣ «ጓሮዎት ይጋግሩ፣ አልከለክልም። እኔን ግን ቅመሺ አይበሉኝ።»

አላልኳትም። አርባ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ እሷ በእናቷ የሸክላ ምጣድ የራሷን ስትጋግር፣ እኔ ከዛፏ ሥር የኔን ስጋግር ኖርን። ልጆቻችን ከሁለቱም በሉ። እሷ ከኔ አንድም ቀን አልቀመሰችም። ስጋግር በጓሮ በኩል ስታልፍ ግን እርምጃዋ ዝግ ይል ነበር። ሽታውን መከልከል አትችልማ።

እኔም አላረፍኩም። እንዲያው የሰው አገር እህል ሳይ እጄን ይበላኛል። የተበልዲን ፍሬ፣ ያን ግንዱ ጎተራ የሚያክለውን የበረሃ ዛፍ፣ ሰብሬ ነጩን ዱቄት ከሊጥ ጋር ሞከርኩት፤ ዳቦው ደረቀ፣ ግን ጣዕሙ እንደ ሎሚ ልጅ ሆነ። ለውዝ ወቅጬ ከትቼ አይቻለሁ። ከርከዴ፣ ለሻይ የሚፈላውን ቀይ አበባ፣ ዘፍዝፌ በውሃው ባቦካ ዳቦው እንደ ማታ ሰማይ ቀላ። የደረቀ ባሚያ ዱቄት የጨመርኩ ቀን ሊጡ እንደ ዓሣ እየሙለጨለጨ ከእጄ ሸሸ። ከገበያ ዳር አንዲት ሱዳናዊት እናት ኪስራ ስትጋግር ቆሜ አያታለሁ፤ የማሽላውን ሊጥ በዘንባባ ቅጠል ቁራጭ ስስ አድርጋ ስትስበው ወረቀት ይሆናል። ሦስት ቀን ሄጄ አየሁ። በአራተኛው ቀን ቅጠሉን ሰጠችኝና ሳብኩት፤ የሠራሁት ካርታ የሚመስል ነገር ሆነ። እንዲህ ሳቀች ሳቀችና፣ «ሐጅ፣ ይህ የየት አገር ነው?» አለችኝ። እኔ ሐጅ አይደለሁም፤ ግን ነጭ ጢም ያለውን ሁሉ እንዲያ ነው የምትጠራው።

ሐጁስ ጎረቤቴ ነው። ከኛ አጥር ማዶ ሱቅ ያለው ነጋዴ። ጭሱ ሲወጣ ካየ አጥሩን ተደግፎ «ዛሬ መስኮቷ ተከፈተች?» ይላል። ትኩሱን ዳቦ በሰሊጥ ዘይት እያጠቀሰ ቆሞ ይበላል።

አሁን ወደማወራው ልግባ። ባለፈው ግንቦት ነው። ግንቦት እዚህ አገር ድንጋዩን ሳይቀር የሚያልበው ወር ነው። ባለቤቴ ከውሃ ቦቴው ስትመለስ አዳለጣትና ቀኝ እጇ ተሰበረ። ወጌሻው አሸና በቀርከሃ ስንጣሪ ጠፍሮ አሰረላትና «እስከ ሰኔ አታንቀሳቅሺው» አላት። እሷ ስለ ሕመሙ ቃል አልተናገረችም። የተናገረችው፣

«ማኅበሩስ?» የምትለዋን ብቻ ነው።

የማርያም ማኅበር ጽዋ በእኛ ቤት ነበር። ተራው የመጣላት ከእናቷ ነው፤ እናቷ ስታርፍ ጽዋውን ከደጋ ይዛው ወርዳ እዚህ ካሉ ማኅበርተኞች ጋር ቀጠለችው። ስትወልድ ተራዋ አልዘለላትም። አንድ ልጃችንን በቀበርንበት ዓመት እንኳ አልዘለላትም። የእናቷ ሥርዓት ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው፤ ጽዋ የተቀበለ ቤት ዳቦውን ከራሱ ምድጃ ያወጣል፣ የተጋገረ ከጎረቤት አይበደርም። ሴት ልጃችን ጎንደር ናት። ከቤቱ ያለነው እሷና እኔ ነን። ዳቦ ከሌለ ካህኑ ምን ይባርካሉ? ጽዋው ወደ ሌላ ቤት ያልፋል። ማንም አይቀየማትም። እሷ ግን የእናቷ ድምፅ ከቤቱ ወጥቶ የሚሄድ መስሎ ነበር የሚሰማት። ሁለት ቀን አልበላችም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ዛፏ መጣች። የተሰበረውን እጇን በነጠላ አንግታ ቆመች።

«አንቱ፣ ይጋግሩልኝ።»

በርጩማዬን ለቀቅኩላት። እንዲያው ደንግጬ ነው።

«በእናትሽ ምጣድ ልጋግረው?»

«እሳቱን አያውቁትም፣ ይሰነጥቁታል። በዚያው በብረትዎት ይሁን። ግን ያቺን ቀዳዳ ይድፈኑልኝ። አገሩ ሁሉ ያውቃታል። ዳቦው ሲገባ ሲያዩዋት 'የባሏ ነው' ይላሉ።»

«ቢጠይቁሽስ?»

«ከጠየቁኝ አልዋሽም። ካልጠየቁኝ አልናገርም።»

በማኅበሩ ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ዱቄቱ እህቷ ከደጋ የላከችላት ስንዴ ነው፤ ሦስት ጊዜ በወንፊት የተነፋ፣ በእጅ ሲነኩት ውሃ የሚመስል። ሁለት ሦስተኛውን አቦካሁት። እሷ ከበርጩማዬ ተቀምጣ ታያለች። «ማታ ቢቦካ ኖሮ» ትላለች። «ማታ ቢቦካ ጠላ ነው» እላለሁ። ሊጡ ኩፍ አለ። የሙዝ ቅጠል አነጠፍኩ፣ አፈሰስኩት፣ ከደንኩት። ቀዳዳዋን በኩይሳ አፈር ጭቃ ደፈንኳት። ከላይ የኩበት ፍም አለበስኩ።

ከዚያ እንደ ልማዴ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ምንም የለም። የውሃም፣ የእርሾም፣ የእህልም ሽታ የለም። ዕውር የሆንኩ መሰለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያወራችኝ አፍ ተዘግታለች። በግምት ጠበቅሁ። በግምት ከፈትኩ። ጠርዙ ከሰል ሆኗል፤ መሐሉን በእንጨት ስወጋው ሊጥ ነጠበ። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ ወዝቶ ቀርቷል።

ባለቤቴ በግራ እጇ ነካ አደረገችው።

«ሊጥ ነው» አለች። ቀጥላም ለራሷ እንደምትናገር፣ «በቃ። ተራዬ አለፈ» አለች። እንባም የለም። ቀና ብላ ከቁርቁራው ቅጠል መሐል የሚወርደውን ብርሃን ስታይ ቆየች።

እኔም ብርሃኑን አየሁት። ጥላው ገና ከግንዱ ሥር አልገባም።

«ሰዎቹ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡ?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«ገና አራት ሰዓት ነው። ደጋ ብንሆን እውነትሽን ነበር፤ አለቀልን። ይህ መተማ ነው። በሁለት ሰዓት ኩፍ ይላል።»

ያ በልጅነቴ አርባ ሰው ያሳቀብኝ ሙቀት፣ እነሆ ዛሬ ባለውለታዬ ሊሆን ነው። ግን ከስንዴው የቀረው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ይህን ስንነጋገር ሐጁ ከአጥሩ ብቅ አለ።

«ምነው፣ ዛሬ ጭሱ አለ፣ ሽታው የለም?»

የሆነውን ነገርኩት። ወዲያው ጠፋና በቁና ነጭ የማሽላ ዱቄት ይዞ ተመለሰ። በአጥሩ ላይ እያቀበለን፣

«እትዬ፣ ለማርያም ዳቦ የእስላም ማሽላ ገብቶበት ቀሳውስቱ ይባርኩት ይሆን?» አላት።

«እህል ምን ሃይማኖት አለው» አለች ባለቤቴ፣ «ያምጡት። ሱቅዎት ሲቃጠል አይተው ነው እንዴ እንዲህ የሚሮጡት?»

እጇ ከተሰበረ ወዲህ የሰማኋት የመጀመሪያ ቀልድ ናት።

ስንዴውንና ማሽላውን ደባልቄ አቦካሁ። እሷ በግራ እጇ ውሃ ታፈስልኛለች። ሊጡን በፀሐይ ዳር አኖርኩት። ሙቀቱ ልክ እንደ ሰው እጅ ነው፣ ከላይም ከታችም ያሸዋል። ተቀምጠን ሊጡ ሲያድግ አየን። እንዲያ አብረን ተቀምጠን ምንም ሳንሠራ የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሩቅ ሆኖ የጭነት መኪና ይሰማል፤ ወፍ የለም፤ ነፋስ የለም። የእሷ ጥላና የኔ ጥላ ከዛፏ ጥላ ገብተው የማን የቱ እንደሆነ አይለይም። እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ መሰለኝ፣ ስነቃ እሷ ጭቃውን ከዲስኩ ቀዳዳ በጣቷ እየፈለፈለች ታወጣለች።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ይተንፍስ» አለች። ሊጡን አፈሰስኩት፣ ከደንኩት፣ ፍሙን አለበስኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሽታው መጣ። መጀመሪያ ውሃው። ከዚያ እርሾው። ከዚያ የተቆላው እህል፤ ማሽላ ስላለበት እንደ ፈንድሻ ትንሽ ጣፈጥ ያለ። እሷም እንደኔ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ዲስኩን ሳነሣ ዳቦው ክብ፣ ወርቃማ፣ እንደ ትንሽ ጨረቃ ወጣ። ከአናቱ ላይ መስኮቷ፣ አራት ማዕዘን፣ ፈዛዛ። ባለቤቴ አየቻትና ነጠላዋን አስተካከለች።

ማኅበርተኞቹ በሰዓታቸው መጡ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ፤ ነጭ ጨርቅ ሲገለጥ ዳቦው ከመሐል ተቀመጠ። እኔ ከበሩ ዳር ነበርኩ። ቄሱ ለአገሩ አዲስ ናቸው፤ ሊባርኩ እጃቸውን አንሥተው ቆም አሉ።

«ይህች ምንድን ናት?» ብለው ጣታቸውን ወደ መስኮቷ አደረጉ።

 ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ በወጣትነቱ ከወሎ ለሰሊጥ መጥቶ ከኔ ጋር በዚያው እርሻ የነበረ፣ አሁን የዘጠኝ ልጆች አያት የሆነ ሰው፣ ምርኩዙን ጥሎ ተነሣ።

«ኧረ ማርያምን! ይህችንማ አውቃታለሁ! ባለ መስኮቱ ነው እኮ። አባታችን፣ በዚህች ጉብታ ዕጣ ወጥቶልኝ አንድ ጎጃሜ ሳምንት አላናገረኝም!»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም ወደ ባለቤቴ ዞሩ። አንዷ ሴትዮ የታሰረውን እጇን አየችና እንዳዘነላት ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እንግዲህ እጅሽ ተሰብሮ ምን ታደርጊ፣ ሌላ ማን ይጋግርልሽ?» አለች።

ይህችን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። ያቺ ሴትዮ መውጫ መንገድ ነው የሰጠቻት። አዎ፣ ተቸግሬ ነው፣ ብትል አገሩ ሁሉ ይረዳታል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ባለቤቴ ቀና አለች።

«ባሌ ናቸው የጋገሩት» አለች። «እጄ ስለተሰበረ አይደለም። ሲጋግሩ ነው የኖሩት።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባረኩ፤ ቆረሱ። ሁሉም ድርሻውን ሲወስድ ያ የጥንት ባልደረባዬ መስኮቷን ከነዙሪያዋ በቢላ ለይቶ አነሣና፣ «ዛሬ ዕጣ የለም፣ የባለቤቱ ናት» ብሎ ለሷ ሰጣት።

በግራ እጇ ተቀበለችው። ወደ አፏ ከማድረሷ በፊት አፍንጫዋ አጠገብ ትንሽ ያዝ አደረገችው። ከዚያ ቆረሰች፣ አኘከች። ቀስ ብላ ነው የምታኝክ፤ ጥርሷ እንደ ድሮው አይደለም። እኔ ከበሩ ዳር ቆሜ፣ ያን ቀን በማሳው ውስጥ አርባ ሰው ፊት እንደቆምኩት ሆኜ፣ ትከሻዋን አያለሁ።

ዋጠችና ዞር ብላ ፈለገችኝ።

«ጨው አነሰው» አለች።

እውነቷን ነበር። በሁለተኛው ሊጥ፣ በጥድፊያው፣ የጨመርኩት ግማሹን ነው። ከቄሱ በቀር፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ከዚህ በፊት ቀምሳ የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ የለየችውም እሷ ብቻ።

ማግስቱን ጎህ ሲቀድ ወደ ዛፏ ስወጣ በርጩማዬ አጠገብ ሌላ በርጩማ አገኘሁ። በላዩ የጨው ብልቃጥ ተቀምጧል።